ጦስኝ፦ አንድ ተክል፣ ሁለት ዘይት

የጦስኝን ቅጠል በጣት ሲያሹት ሽታው ወዲያው ያውዳል። ቅጠሉ ላይ በአጉሊ መነጽር ብቻ በደንብ የሚታዩ ደቃቅ ዕጢዎች ተቀምጠዋል፤ ዘይቱ የሚጠራቀመው እነሱ ውስጥ ነው። ስናሸው ዕጢዎቹ ይፈርጣሉ።

ተክሉ የደጋና የውርጭ አገር ነው፤ ከመንዝ ጓሳ እስከ ባሌ ተራሮች መሬት ላይ ተነጥፎ ይበቅላል። ሳይንሳዊ ስሙ ታይመስ ሺምፐሪ፣ በ1837 እ.ኤ.አ. ትግራይ ገብቶ በ1878 አድዋ ላይ እስኪሞት ዕፅዋት ሲሰበስብ የኖረውን ጀርመናዊ ጆርጅ ዊልሄልም ሺምፐርን ያስታውሳል።

ዘይቱ የሚወጣው እንደ አረቄ ነው። ቅጠሉ ከውሃ ጋር ይፈላል፣ እንፋሎቱ በቀዝቃዛ ቱቦ ሲያልፍ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል፣ ዘይቱም ከውሃው በላይ ይንሳፈፋል። ከ100 ግራም ደረቅ ቅጠል ጥቂት ሚሊ ሊትር ከተገኘ ጥሩ ነው። ይህች ጠብታ ጋዝ ክሮማቶግራፊ በሚባል መሣሪያ ረጅምና ቀጭን ቱቦ ውስጥ ስታልፍ፣ አንድ የመሰለን ሽታ የብዙ ውህዶች ድብልቅ ሆኖ ይገኛል።

ከነዚህ ሁሉ ጎልተው የሚወጡት ቲሞልና ካርቫክሮል ናቸው። ሁለቱም 10 ካርቦን፣ 14 ሃይድሮጅንና 1 ኦክስጅን አላቸው፤ ተክሉም ሁለቱን የሚሠራቸው ጋማ ተርፒኒን ከተባለ አንድ ጥሬ ዕቃ ነው። የሚለያዩት ኦክስጅኑ በተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው። ይህች ትንሽ ልዩነት ግን ብዙ ትለውጣለች፦ ንጹሕ ቲሞል ነጭ ጠጣር ሲሆን 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ ካርቫክሮል በተራ የክፍል ሙቀት ፈሳሽ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ፣ ያው ጦስኝ በአንዱ ተራራ ቲሞል፣ በሌላው ካርቫክሮል የሚበዛበት መሆኑ ነው። ዘሩም፣ ከፍታውም፣ የተለቀመበት ወቅትም ዘይቱን ይለውጡታል። ስለዚህ «ጦስኝ ለሳል ፍቱን ነው» ሲባል የየትኛው አገር ጦስኝ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የሚሸጠው እሽግም የተለቀመበትን ቦታ ቢጽፍ እወዳለሁ። ሁለቱም ውህዶች በቤተ ሙከራ ባክቴሪያ ይገድላሉ፤ ቲሞል ለአፍ መጉመጥመጫም ይገባል። ያልተቀላቀለው ዘይት ግን አፍና ጉሮሮ ስለሚያቃጥል እንደ ሻይ አይጠጣም።

ሻዩን የሚወድ ሰው ቅጠሉን ጥላ ላይ ያድርቀው፤ ፀሐይ ዘይቱን ያተነዋል። ሲያፈላም ክዳኑን ይግጠም። ለቃሚው ደግሞ ቅርንጫፉን በማጭድ ይቁረጥ እንጂ ከነሥሩ አይንቀለው፤ የተነቀለ ጦስኝ ለከርሞ አያቆጠቁጥም።