መምህር ያጣው የስፔን የሰይፍ ጥበብ በመጻሕፍት አማካኝነት እንዴት ዳግም ሊነሣ ቻለ?

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በስፔን ከተሞች ረጅምና ቀጭን ሰይፍ ታጥቆ መሄድ የተለመደ ነበር። ብዙዎች ሰይፍ መምዘዝን የድፍረትና የእጅ ፍጥነት ጉዳይ አድርገው ቢያዩትም፣ የሴቪያው ተወላጅ ኸሮኒሞ ሳንቼዝ ዴ ካራንዛ ግን በምክንያት የሚብራራ ዕውቀት መሆኑን ለማሳየት ተነሣ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ በ1582 ታተመ። ከእርሱ የተነሣው ትምህርትም "ላ ቬርዳዴራ ዴስትሬዛ"፣ ማለትም "እውነተኛው ክህሎት" ይባላል።

የትምህርቱ መሠረት ጂኦሜትሪ ነው። ሰይፈኛው ቀጥ ብሎ ቆሞ ክንዱን በትከሻው ልክ ይዘረጋል፤ ክንድ ከዚያ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ የሰይፉ ጫፍ የሚደርስበት ርቀት ያጥራልና። በሁለቱ ባላጋራዎች መካከል መሬት ላይ ክብ እንደተሠመረ ይታሰባል። በክቡ መካከል በቀጥታ መግባት በተዘረጋ ሰይፍ ላይ መውደቅ ስለሆነ፣ ሰይፈኛው በዙሪያው ወደ ጎን ይራመዳል። የራሱን ሰይፍ በባላጋራው ሰይፍ ላይ አሳርፎም የጥቃቱን መንገድ ይዘጋል። ከመውጋት በፊት አለመወጋት ይቀድማል።

ለዚህ ዕውቀት ዕድሜውን ከሰጡት መካከል ሉዊስ ፓቼኮ ዴ ናርቫኤዝ ይጠቀሳል። "የሰይፍ ታላቅነት" የተሰኘ መጽሐፉን እ.ኤ.አ በ1600 አሳተመ፤ ኋላም የንጉሥ ፊሊፕ አራተኛ የሰይፍ መምህር ሆነ። እ.ኤ.አ በ1640 እስኪሞት ድረስ ብዕሩን አላስቀመጠም፤ "አዲሱ ሳይንስ" የተባለው ሥራው የታተመው ከሞተ ከ32 ዓመታት በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ የሚያፌዝበትም አላጣም። ባለቅኔው ፍራንሲስኮ ዴ ኬቬዶ እ.ኤ.አ በ1626 በታተመው "ኤል ቡስኮን" ልቦለዱ፣ የፓቼኮን መጽሐፍ ይዞ ስለ ክብና ማዕዘን የሚለፈልፍ ሰው ፈጥሮ ተሳልቆበታል። የስላቁ መልእክት ግልጽ ነበር፦ ሰይፍ ከመጽሐፍ አይማሩትም።

ከዚያ በኋላ ዘመን ተለወጠ። እ.ኤ.አ በ1700 የቡርቦን ሥርወ መንግሥት የስፔንን ዙፋን ሲይዝ የፈረንሳይ የሰይፍ ስልት እየገነነ ሄደ። ፍራንሲስኮ ሎሬንዝ ዴ ራዳ እ.ኤ.አ በ1705 ሰፊ መጽሐፍ ቢያሳትምም፣ ነባሩ ትምህርት ቀስ በቀስ ደበዘዘ። ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ይተላለፍ የነበረው ልምድም ተቋረጠ።

ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ይህን ጥበብ የሚያጠኑ ሰዎች የቀራቸው መምህር ኬቬዶ የሳቀበት መጽሐፍ ነው። ጭንብል አጥልቀውና ያልተሳለ ሰይፍ ይዘው ገጾቹን በአካላቸው ይፈትናሉ። መጽሐፍ የእጅን ስሜትና የእርምጃን ፍጥነት አያስተላልፍም፤ አንዱን ዓረፍተ ነገርም ሁለት አንባቢዎች በሁለት መንገድ ሊረዱት ይችላሉ። የቀደሙት ሊቃውንት ግን "እንዲህ አድርግ" ብቻ ሳይሆን "ስለምን" የሚለውንም ጽፈዋል። በዚህ ምክንያት አንድ እርምጃ ተለማማጁን ለባላጋራው የሰይፍ ጫፍ ካጋለጠው፣ ወደ መጽሐፉ ተመልሶ አረዳዱን ማረም ይችላል።