ፈረሱ የማያውቀው መንገድ

ትልቅ የመሰናክል ዝላይ ውድድር ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ፈረሰኞቹ ሁሉ ያለ ፈረስ ወደ ሜዳው ይገባሉ። ነጭ ሱሪያቸውን ለብሰው፣ ረጅም ቡታቸውን ተጫምተው ከአንዱ መሰናክል ወደ ሌላው በእግራቸው ይሄዳሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንዳንዱ መንገድ ላይ ቀጥ ይልና ተመልሶ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። የሚቆጥሩት እርምጃቸውን ነው። ፈረሶቹ በዚያ ሰዓት ከሜዳው ውጪ ናቸው፤ ደንቡ መስመሩን አስቀድመው እንዲያዩት አይፈቅድም። ተራው የደረሰ ፈረስ በበሩ ሲገባ ከፊቱ የተደረደረውን አጥር፣ ውኃና አግዳሚ የሚያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ዳኛው ደወል ከደወለ በኋላ ፈረሰኛው ለመነሳት ያለው ጊዜ 45 ሰከንድ ነው።

የዚህን ስፖርት ልብ የማገኘው እዚህ ላይ ነው። መንገዱን የሚያውቀው አንዱ ነው፤ የሚዘለው ሌላው። የሚያውቀው ለሚዘለው በቃል ሊነግረው አይችልም። የፈረስ ስፖርት ማዕከላት ዓመቱን ሙሉ የሚያካሂዱት ሥልጠና፣ ልምምድና ውድድር በጠቅላላው ይህችን ክፍተት ለመሙላት የቆመ ነው።

ነገሩን በቅርብ ለማየት የጀርመኗን አኸንን የመሰለ ቦታ የለም። አኸን በአገሪቱ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ከቤልጂግና ከኔዘርላንድስ ድንበር አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ንጉሠ ነገሥት ሻርለማኝ በ814 የተቀበረው እዚያ ስለሆነ የታሪክ ሰው በካቴድራሏ ያውቃታል። (ዓመቶቹ፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የፈረስ ሰው የሚያውቃት ግን በሰሜን ዳርቻዋ ባለው ሰፊ ሣር ሜዳ ነው። በ1898 ለፈረስ እሽቅድምድም የተቋቋመ የከተማው ማኅበር በ1924 የመጀመሪያውን የግልቢያ ውድድር እዚህ አዘጋጀ። ያ ውድድር አድጎ ዛሬ ቺዮ አኸን በመባል ይታወቃል፤ ዋናው ስታዲየም ብቻ 40,000 ያህል ተመልካች ይይዛል። ውድድሩ ብዙውን ጊዜ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ ሲሆን፣ በአንድ ሰሞን አምስት ዓይነት ፉክክር ይስተናገድበታል፦ የመሰናክል ዝላይ፣ ፈረሱ በሥርዓት የተወሰነለትን እንቅስቃሴ የሚያሳይበት ድሬሳዥ፣ ሁለቱን ከአገር አቋራጭ ግልቢያ ጋር የሚያጣምረው ውድድር፣ ሰረገላ መንዳት፣ እንዲሁም በሚጋልብ ፈረስ ጀርባ ላይ የሚሠራ ጂምናስቲክ። ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ አይመደቡም። በኦሊምፒክ የመሰናክል ዝላይ ሴቶች መወዳደር የጀመሩት በ1956 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ለሁለቱም መስፈርቱ አንድ ነው።

ወደ እርምጃ ቆጠራው ልመለስ። ፈረሰኞች አንድ እርምጃቸው 90 ሳንቲሜትር ገደማ እንዲሆን እግራቸውን ያሠለጥናሉ። ፈረስ በልከኛ ግልቢያ አንድ ጊዜ ሲወረወር የሚሸፍነው 3 ሜትር ከ60 ገደማ ነው። አራት የሰው እርምጃ አንድ የፈረስ እርምጃ ሆነ ማለት ነው። በሁለት መሰናክሎች መካከል 24 እርምጃ ከተቆጠረ፣ ፈረሱ ከመጀመሪያው ሲያርፍ የሚወስደው ሁለት፣ ለሁለተኛው ሲነሳ የሚወስደው ሁለት ተቀንሶ 20 ይቀራል፤ ይህ ልክ አምስት የግልቢያ እርምጃ ነው። እስካሁን ቀላል ነው። ቆጠራው 22 ሲሆንስ? የሚቀረው 18 ነው፤ አራት ተኩል። ፈረስ ደግሞ ግማሽ እርምጃ የለውም። ጋላቢው አራት ረጃጅም እርምጃ ያስወርውረው ወይስ ሰብሰብ አድርጎ አምስት አጫጭር ያስኪደው? መልሱ በፈረሱ ቁመት፣ በቁጣውና በትዕግሥቱ፣ ሜዳው ዘቅዘቅ ማለት አለማለቱ ላይ፣ ከመሰናክሉ በኋላ መታጠፊያ መኖር አለመኖሩ ላይ ይመሠረታል። ለአንዱ ፈረስ ትክክል የሆነው ለሌላው አግዳሚ የሚያስጥል ነው። ያች ግማሽ እርምጃ በስህተት የመጣች አይደለችም፤ መስመሩን የቀየሰው ሰው አስቦበት ያስቀመጣት ናት።

ቀያሹን ከተመልካች ብዙው አያውቀውም። በአኸን ለረጅም ዓመታት ይህን ሥራ የሠራው ጀርመናዊው ፍራንክ ሮተንበርገር ነው። ቀያሽ ሁለት ነገር በአንድነት ማሳካት አለበት፦ የተሻለው እንዲለይ መስመሩ መክበድ አለበት፤ ፈረስ እንዳይጎዳና ልቡ እንዳይሰበር ደግሞ ጥያቄው ሐቀኛ መሆን አለበት። በከፍተኛው ደረጃ አግዳሚው እስከ 1 ሜትር ከ60 ይደርሳል። አግዳሚዎቹ አይታሰሩም፤ ጥልቀት በሌለው ማስቀመጫ ላይ ተጋድመው በትንሽ ንክኪ ይወድቃሉ። ሁለት አግዳሚዎች ፊትና ኋላ ሆነው ስፋት ያለው መሰናክል ሲሠሩ፣ የኋላው ማስቀመጫ ክብደት ሲያርፍበት ራሱ እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ፈረስ በላዩ ላይ ቢወድቅ እንጨቱ እግሩን እንዳይዘው። በየመሰናክሉ በቀኝ ቀይ፣ በግራ ነጭ ባንዲራ ይተከላል፤ ማለፊያው በመካከላቸው ነው።

የነጥብ አቆጣጠሩ ለማንም ግልጽ ነው። አግዳሚ ከወደቀ 4 የጥፋት ነጥብ፤ ፈረሱ እምቢ ብሎ ከቆመ ወይም ከሸሸ 4፤ ሁለተኛ እምቢ ካለ ከውድድሩ መውጣት ነው። ጋላቢ ከወደቀ ያበቃለታል። ከተወሰነው ሰዓት ያለፈም ይቀጣል። ያለ ጥፋት የጨረሱት ባጠረ መስመር ላይ እንደገና ይገናኙና ፈጣኑ ያሸንፋል።

የፈረሱን ዓይን ሳይረዱ ግን ይህ ሁሉ ምን ያህል እንደሚከብድ አይታይም። የፈረስ ዓይኖች ያሉት በጭንቅላቱ ጎንና ጎን ነው፤ ከኋላ የሚመጣ አውሬን ለማየት የተመቹ ናቸው። ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ ነገር ግን ከግንባሩ ፊት ለፊትና ከአፍንጫው ሥር የማያየው ቦታ አለ። ሰማያዊና ቢጫን ይለያል፤ ቀይን ከአረንጓዴ ለመለየት ይቸገራል። ወደ መሰናክል ሲቀርብ አንገቱን ከፍ የሚያደርገው ርቀቱን ለመገመት ነው። ለመነሳት በሚዘጋጅበት ቅጽበት አግዳሚው ከዓይኑ ሊሰወር ይችላል። እንግዲህ ይህ ከ500 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ ተፈጥሮው ከአደጋ መሸሽ የሆነ እንስሳ፣ በደንብ ወደማያየው ነገር ራሱን የሚወረውረው ጀርባው ላይ ያለውን ሰው ስላመነ ነው። ሌላ ማብራሪያ አላገኘሁለትም።

ያ እምነት ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል የሃላ ታሪክ ይናገራል። ሃላ ከሰረገላ ሯጭ ዘር የተወለደች ጀርመናዊት ባዝራ ነበረች። ጋላቢዋ ሃንስ ጉንተር ቪንክለር በ1955 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው እዚሁ አኸን ላይ ነው። በ1956 ኦሊምፒክ የተካሄደው ሜልበርን ቢሆንም አውስትራሊያ በእንስሳት ላይ በነበራት ጥብቅ የኳራንቲን ሕግ ምክንያት የፈረስ ውድድሩ ስቶክሆልም ሆነ። በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ ላይ ሃላ ቀደም ብላ ተነሳችና ቪንክለር ከኮርቻው ተወርውሮ ተመለሰ፤ የብሽሽቱ ጡንቻ ተበጠሰ። በዚያን ጊዜ ቡድን የሚሆኑት ሦስት ፈረሰኞች ብቻ ነበሩ፤ የሦስቱም ውጤት ይቆጠራል። እሱ ከወጣ ጀርመንም ወጣች። ለሁለተኛው ዙር በህመም እንደተጨማደደ ወደ ኮርቻው ተመለሰ። ፈረሷን ወደ መሰናክሉ ከማቅናት በቀር በእግሩም ሆነ በወገቡ ሊያግዛት የሚችለው እጅግ ጥቂት ነበር። ሃላ አንድም አግዳሚ ሳትጥል ጨረሰች። ቪንክለር በግልም በቡድንም ወርቅ ወሰደ። በ1960 ሮም ላይ ደግሞ ሦስተኛው የኦሊምፒክ ወርቅ ተጨመረላት። የጀርመን የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ከዚያ በኋላ ሌላ የውድድር ፈረስ ሃላ ተብሎ እንዳይሰየም ወሰነ። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ እያለ በፈረስ ስም ለሚጠራ ሕዝብ ይህ ውሳኔ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ እንደ ተአምር ይተርከዋል። እኔ የማየው የዓመታት ሥራ ውጤት አድርጌ ነው። ሃላ በዚያ ቀን ብቻዋን የዘለለችው ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ወደማትችለው ነገር ስላልተገፋች፣ ከፊቷ የተቀመጠው ሁሉ ሊዘለል የሚችል መሆኑን ስለለመደች ነው።

የዓለም ሻምፒዮና ለብዙ ዓመታት ይህን የሰውና የፈረስ መተማመን በተለየ መንገድ ይፈትን ነበር። ለፍጻሜ የደረሱት አራቱ ፈረሰኞች በየራሳቸው ፈረስ ከዘለሉ በኋላ ፈረስ ይለዋወጣሉ፤ እያንዳንዱ የሦስቱን ተቀናቃኞቹን ፈረስ ከጥቂት ደቂቃ ማሟሟቂያ በኋላ ይዘላል። በ2006 አኸን ላይ ፍጻሜ ከደረሱት አራቱ ሦስቱ ሴቶች ነበሩ፤ ያሸነፈው ቤልጂጋዊው ዮስ ላንሲንክ ነው። ይህ አሠራር ከ2014 በኋላ ቀርቷል፤ ለፈረሶቹ ድካሙ ከባድ ስለነበር መቅረቱ ተገቢ ይመስለኛል። የሚያስተምረው ነገር ግን ነበረው። ከማያውቀው ፈረስ ጋር በደቂቃዎች ውስጥ መግባባት የቻለ ሰው እጁ ለስላሳ፣ መቀመጫው የተረጋጋ መሆን አለበት። በጉልበት አይሆንም።

ይህን ዛሬ የሚያሠለጥኑት ሁሉ ባለዕዳ የሆኑለት ሰው ጣሊያናዊው የፈረሰኛ ጦር መኮንን ፌዴሪኮ ካፕሪሊ ነው። ከእሱ በፊት ጋላቢ ፈረሱ ሲዘል ወደ ኋላ ተለጥጦ ልጓሙን ይስብ ነበር። ፈረሱ አየር ላይ እያለ አፉ ይሳባል፣ ጀርባው ላይ ክብደት ይጫናል። ካፕሪሊ ፈረሶች ያለ ጋላቢ ሲዘሉ ምን እንደሚያደርጉ ተመለከተና ሰውየው እርካቡን አሳጥሮ ወደ ፊት እንዲያዘነብል፣ እጁም የፈረሱን አንገት እንዲከተል አደረገ። በ1907፣ በ39 ዓመቱ ከፈረስ ወድቆ ሞተ። ዛሬ በየትኛውም ሜዳ የሚታየው አቀማመጥ ግን የእሱ ነው።

ታላላቆቹ ውድድሮች ጥቂቶች ናቸው። ዕለት ተዕለት የፈረስ ማዕከልን ሥራ የሚይዘው የአንድና የሁለት ቀን ሥልጠና ነው፤ እንግዳ አሠልጣኝ ይጋበዛል፣ ፈረሰኞች ፈረሳቸውን ጭነው ይመጣሉ፣ አራትም አምስትም ሆነው በደረጃቸው ይመደባሉ። ከዳር ተቀምጦ ማዳመጥ ለሚፈልግ ክፍያው ያነሰ ነው፤ ብዙ ሰው የሚማረውም እዚያ ተቀምጦ ይመስለኛል። ለማየት የመጣ ሰው መጀመሪያ ቅር ሊለው ይችላል። ረጅሙ ሰዓት የሚያልፈው መሬት ላይ በተጋደሙ እንጨቶች ላይ በሶምሶማ በማለፍ ነው። ሃንጋሪያዊው የፈረሰኛ ጦር መኮንን በርታላን ደ ኔሜቲ ከ1955 እስከ 1980 የአሜሪካንን የዝላይ ቡድን ሲያሠለጥን ያስፋፋው ዘዴ ይህ ነበር፦ ዝቅ ያሉ አግዳሚዎች በተለካ ርቀት ይደረደራሉ፤ ርቀቱ ራሱ ፈረሱን እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ያስተምረዋል፤ ጋላቢው ዝም ብሎ መቀመጥን ይማራል። ቁመቱ የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይጨመርም።

ከሥልጠናው በኋላ ትናንሽ ውድድሮች ይመጣሉ። አግዳሚው 60 ሳንቲሜትር፣ ተወዳዳሪዎቹ ሕፃናትና ገና ጀማሪ ፈረሶች ናቸው። ደንቡ ግን የትልቁ ነው፤ መስመሩ በእግር ይለካል፣ ደወል ይደወላል፣ ባንዲራ ይተከላል። ከዋንጫው ይልቅ የሚፈለገው ፈረሱ የድምፅ ማጉያ፣ የሕዝብ ጫጫታና ባዕድ ሜዳ መልመዱ ነው። እዚህ ደረጃ ላይ የሚጣደፍ ሰው በኋላ ዋጋ ይከፍላል። አንድ ጊዜ የፈራ ፈረስን መልሶ ማሳመን ወራት ይወስዳል።

እኛ ዘንድ እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያከብረውን በዓል ያየ ሰው ይህን ሁሉ ከሌላ አቅጣጫ ያውቀዋል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን በዓሉ ከዓድዋ ድልና ከፈረሶቹ ውለታ ጋር የተሳሰረ ነው። በጉግስ ጊዜ ፈረሰኛው ጋሻና ዘንግ ይዟል፤ ልጓም የሚይዝበት እጅ የለውም ማለት ይቻላል። ፈረሱ ሽምጥ እየጋለበ በእግርና በሰውነት ዘንበል ማለት ብቻ ይመራል፤ ከኋላ የሚወረወረውን ዘንግ ጋላቢው ዞሮ ሲመክት መንገዱን የሚጠብቀው ፈረሱ ነው። በአኸን በሥልጠና ስንት ዓመት የሚደከምበት የእጅ ዝምታ በእኛ ሜዳዎች ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። አሠልጣኞቻችን ቢጽፉት፣ ባለሙያ ቢቀርጸው ምን ያህል በተጠቀምን።

በ2026 የዓለም ሻምፒዮናው የተመደበው ለአኸን ነው፤ ከኦገስት 11 እስከ 23፣ በእኛ ከነሐሴ 5 እስከ 17 ቀን 2018 ዓ.ም.። የመሰናክል ዝላይን ጨምሮ በስድስት ዘርፎች ፉክክር ይደረጋል፤ ስድስተኛው አካል ጉዳተኞች የሚወዳደሩበት ድሬሳዥ ነው። በቴሌቪዥን የሚከታተል ሰው ዓይኑን አግዳሚው ላይ ብቻ ባይተክል ይሻለዋል፤ አግዳሚው የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስትና አራት እርምጃዎች በተፈጠረ ጥፋት ነው። ፈረሱ ከመታጠፊያው ሲወጣ አካሄዱ እኩል ነው ወይስ ይቆራረጣል? የጋላቢው እጅ አየር ላይ አንገቱን ይከተላል ወይስ ይጎትታል? ጆሮዎቹ ወደሚቀጥለው መሰናክል ቀንተዋል ወይስ ወደ ኋላ ተጋድመዋል? እነዚህን መከታተል የለመደ ተመልካች አግዳሚው ከመውደቁ በፊት እንደሚወድቅ ማወቅ ይጀምራል።