የወፎች ቀለበትና የመዝገቡ ነገር

ቪቦርግ በምትባል የዴንማርክ ከተማ ሞርቴንሰን የሚባል አንድ መምህር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1899 ዓ.ም. ምልክት የተጻፈባቸውን የአሉሚኒየም ቀለበቶች በወፎች እግር እያሰረ ለቀቃቸው። ሽመላ ጊዜዋን እንደምታውቅ ነቢዩ ኤርምያስ አስቀድሞ ተናግሯል፤ የመንገዷን ዝርዝር ግን ሰው ተከታትሎ የተረዳው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው።

የአሜሪካ መንግሥትም በ1920 ለዚሁ ሥራ ጽሕፈት ቤት አቋቁሞ፤ ዛሬም ከካናዳ መንግሥት ጋራ በመተባበር ይመራዋል። ያለ ፈቃድ ወፍ ይዞ ቀለበት ማሰር በሕግ የተከለከለ ነው። ከታደኑት ዳክዬዎች እግር የሚገኘው ቊጥር ለጽሕፈት ቤቱ ሲነገር፤ በዓመቱ ስንት ይታደን ለሚለው ውሳኔ ይረዳል።

አሁን ጽሕፈት ቤቱ መቶ ዓመት ካለፈው በኋላ ስለ ወደ ፊቱ ሲታሰብ፤ ወፏ ያለችበትን በሳተላይት የሚያስታውቁ መሣሪያዎች ስላሉ ቀለበት አርጅቷል የሚሉ አይጠፉም። መሣሪያው የየዕለቱን ጒዞ ስለሚያሳይ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለብዙ ትንንሽ ወፎች ይከብዳል፤ ዋጋውም ብዙ ነው። እኛን ይልቅ የሚያሳስበን መዝገቡ ነው።

ቻንድለር ሮቢንስ የሚባል ሊቅ በ1956 በሚድዌይ ደሴት አንዲት አልባትሮስ የምትባል የባሕር ወፍ ይዞ ቀለበት አሰረላት። ቀለበቱ በጨው ውሃ እየተበላ በየጊዜው ሲለወጥ ቊጥሯም አብሮ ተለወጠ። በ2002 ይኸው ሰው በዚያው ደሴት አንዲት ወፍ ያዘ፤ የዛሬውን ቊጥር ከትናንትናው፤ የትናንትናውንም ከዚያ በፊት ከነበረው ጋራ እያገናኙ መዝገቡን ወደ ኋላ ቢመረምሩ፤ ከ46 ዓመት በፊት ራሱ ያሰረላት ወፍ ሆና ተገኘች። ዊዝደም ብለው የሰየሟት ይህች ወፍ ዕድሜዋ ከ70 ዓመት አልፎ በ2024 መጨረሻ ዕንቊላል ጥላለች። ከነዚያ ጸሐፊዎች አንዱ እንኳ አንድ መሥመር ሳይጽፍ ቢዘል ኖሮ፤ እንደ ማናቸውም ወፍ በተቈጠረች ነበር። በመዝገብ ቤት ያገለገለ ሰው ይህን ያለ አስረጂ ያውቀዋል።

እንግዲህ በ2025 የቀረበው የአሜሪካ መንግሥት የበጀት ሐሳብ ጽሕፈት ቤቱ ያለበት የሥነ ሕይወት ምርምር ክፍል እንዲዘጋ የሚጠይቅ ስለ ነበረ፤ ነገሩ የመሣሪያ ምርጫ ብቻ አይደለም። ለወደ ፊቱ የሚታቀደው ዕቅድ አስቀድሞ የመዝገብ ጠባቂዎቹን ደመወዝ፤ ቀጥሎም የሽማግሌዎቹን ተተኪዎች ትምህርት ሊወስን ይገባዋል። መሣሪያ በኋላም ይገዛል።

ከአውሮፓ ተነሥተው በዝዋይና በአብያታ ሐይቅ ዳር የሚከርሙ ወፎችም የየአገሩ ሙዚየም ስም የተጻፈበት ቀለበት አስረው ይመጣሉ። አንድ እረኛ ያን ቀለበት አግኝቶ ቊጥሩን ቢያስጽፍ፤ ደብዳቤው የሚደርሰው በዚያ ወገን የሚቀበል ጸሐፊ ሲኖር ነው።