የአንድ ሌሊት እርግጠኝነት፦ ርካሽ የሰንሰለት ሆቴሎችና የእኛ «አልጋ»



ስለ ርካሽ ሆቴል መናገር ለዩኒቨርሲቲ መድረክ የማይመጥን የሚመስለው አድማጭ ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ የታመመ አባቱን ይዞ ከነቀምቴ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚመጣ ሰው፣ ወይም ለሥራ ፈተና ከደሴ የምትመጣ ወጣት፣ በዚህች ከተማ አስቀድሞ የሚገጥማቸው ጥያቄ «የት አድራለሁ?» የሚል ነው። ጥያቄው የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የደኅንነትና የክብርም ጭምር ነው።

ከቋንቋችን ልጀምር። መንገደኛ «ክፍል አለ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «አልጋ አለ?» ይላል። «አልጋ ያዝሁ» ማለት ማደሪያ አገኘሁ ማለት ነው። አልጋ በገንዘብ ከመሸጡ በፊት ግን ሌላ ሥርዓት ነበረን። የመሸበት ሰው ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። በዚህ ሥርዓት ክፍያ አልነበረም፤ ጥያቄ ግን ነበረ። እንግዳው አገሩን፣ ወገኑንና የመንገዱን ምክንያት ይናገራል፤ የሚታመነውም በማንነቱ ነው። እቴጌ ጣይቱ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ሲያስከፍቱ፣ ምግብ በገንዘብ መግዛት ነውር መስሎ ስለታየ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው እየበሉና እየከፈሉ ማስለመድ እንዳስፈለጋቸው ይተረካል። ትረካው የሚያመለክተን እንግዳ መቀበል ከዝምድና ወደ ውል ሲሻገር የተሰማውን ድንጋጤ ነው።

የሰንሰለት ሆቴል የዚህ ውል የመጨረሻ ቅርጽ ነው። ኬመንስ ዊልሰን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1952 በሜምፊስ ከተማ ሆሊዴይ ኢንን የከፈተው፣ ከቤተሰቡ ጋር ሲጓዝ ያረፈባቸው ማደሪያዎች ንጽሕናቸው የተለያየ መሆኑና ለልጆቹ ተጨማሪ መጠየቃቸው አስቆጥቶት ነው። ሞቴል 6 በ1962 በካሊፎርኒያ ሲጀመር ስሙ ራሱ ዋጋው ነበር፤ ለአንድ ሌሊት 6 ዶላር። የፈረንሳዩ ኢቢስ ደግሞ በ1974 በቦርዶ ተከፈተ። ሦስቱም ከአልጋው ይልቅ የሸጡት እርግጠኝነትን ነው፤ ማለትም ያልታየውን ክፍል እንደታየ አድርጎ መግዛት መቻልን።

እኔም በአንድ የአውሮፓ ከተማ እምብርት፣ ከዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ በእንዲህ ያለ ሆቴል አድሬ አውቃለሁ። ክፍሉ ከአልጋውና ከመታጠቢያው ሌላ ብዙ ቦታ አልነበረውም። ሻንጣ የሚሸከም፣ ምሳ የሚያቀርብም ሰው የለም። ከየት እንደመጣሁ ማንም አልጠየቀኝም፤ ስምና ክፍያ በቂ ነበሩ። ቅዝቃዜ አለው፤ ነጻነትም አለው።

ዋጋው ዝቅ የሚለው በአራት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ ክፍሎቹ በአንድ ንድፍ ስለሚሠሩ የግንባታም የጥገናም ወጪ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ውድ በሆነ የመሀል ከተማ መሬት ላይ ጠባብ ክፍል ብዙ እንግዳ ያስተናግዳል። ሦስተኛ፣ የአዳራሽ፣ የምግብ ቤትና የተላላኪ ወጪ ተቀንሶ የሠራተኛው ቁጥር ያንሳል። አራተኛ፣ ዋጋው እንደ ቀኑና እንደ ፍላጎቱ ከፍና ዝቅ እያለ ክፍሎቹ ባዶ እንዳያድሩ ይደረጋል። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል ስሌቱ ይፈርሳል።

ሰንሰለት ለእኛ አዲስ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ቺያዎ የተባለ ኩባንያ በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ሆቴሎችን በአንድ ስም ያስተዳድር ነበር። ከዚያም ራስ ሆቴሎች በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና በሐረር፣ የግዮን ሆቴሎች በጎንደር ጎሃ፣ በላሊበላ ሮሃ፣ በአክሱም የሐ፣ በባሕር ዳር ጣና እየተባሉ ታወቁ። ለዛሬው ርእሳችን የሚቀርበው ግን የአቶ በቀለ ሞላ ሥራ ነው። ከሞጆ ተነሥቶ በዝዋይ፣ በላንጋኖና በሻሸመኔ እስከ አርባ ምንጭ በተዘረጋው የደቡብ መንገድ ላይ በስማቸው የሚጠሩ ሆቴሎችን አቋቋሙ። ሾፌሩም ቤተሰቡም በሚቀጥለው ከተማ ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቁ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ግን በርካታ ሆቴሎች ወደ መንግሥት ይዞታ ሲዛወሩ፣ የግል ባለሀብት በአንድ ስም የመስፋፋት ዕድሉ ለረጅም ጊዜ ተዘጋ። ስሞቹ ቀሩ፤ ስሙ የሚሰጠው እምነት ግን ጥገናና ክትትል ይፈልጋል።

ዛሬ በአዲስ አበባ ርካሹን አልጋ የሚወስነው መናኸሪያው ነው። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ጎሕ ሳይቀድ ስለሚነሣ፣ በአውቶቡስ ተራ ዙሪያ ፔንሲዮኖች ተደራርበው ይገኛሉ፤ በየካ ክፍለ ከተማም ላምበረት መናኸሪያ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። እዚህ በሲ.ኤም.ሲ፣ ስሙን ከአንድ የጣሊያን የግንባታ ድርጅት በወረሰው ሠፈራችን፣ መኖሪያ ቪላዎች ወደ እንግዳ ማረፊያነት ሲለወጡ እናያለን። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ተነሥቶ በሲ.ኤም.ሲና በመገናኛ አድርጎ ወደ መሀል ከተማ ይዘልቃል። መጓጓዣው የሚታመን ከሆነ «መሀል ከተማ» ማደር ግዴታ አይሆንም፤ የማይታመን ከሆነ ግን የታማሚው ቤተሰብ በሆስፒታሉ ደጅ ያለውን አልጋ በተጠየቀው ዋጋ ይይዛል።

የፔንሲዮኖቻችን ችግር ርካሽ መሆናቸው አይደለም፤ አለመተንበያቸው ነው። ዋጋው እንደ ጠያቂው አለባበስና አነጋገር ይለዋወጣል። ውኃው ዛሬ ቢኖር ነገ ላይኖር ይችላል። አንዳንዱ ቤት አልጋውን በሰዓት ስለሚያከራይ ለብቻዋ የምትጓዝ ሴት ወይም ልጅ የያዘ ቤተሰብ ይሸማቀቃል። በ2007 ዓ.ም. ከዓለም የቱሪዝም ድርጅት ጋር የተካሄደው የኮከብ ምደባ ለትልልቆቹ ሆቴሎች ሥርዓት አበጅቷል። ኮከብ ግን በዋናነት የአገልግሎትን ብዛትና ደረጃ ይመዝናል፤ ነቀምቴያዊው እንግዳችን የሚጠይቀው የመዋኛ ገንዳ ሳይሆን የተነገረው ዋጋ ማታም ያው መሆኑን ነው።

የውጭ ስም እስኪመጣ መጠበቅ አለብን? አይመስለኝም። ባለ ስሙ ኩባንያ ክፍያውን በውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል፤ በመሀል ከተማ የሊዝ ዋጋ የተጫነውም ባለሀብት ወጪውን ለመመለስ ወደ ቅንጦት ያደላል። በእኔ አስተያየት አዋጭ የሚሆነው ነባሮቹ ፔንሲዮኖች በማኅበር ተደራጅተው በአንድ ምልክት ሥር ጥቂት ግዴታዎችን ቢቀበሉ ነው፦ በግድግዳ የተለጠፈ ዋጋ፣ ንጹሕ አንሶላ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ የተጠራቀመ ውኃ፣ የሌሊት ጥበቃና ደረሰኝ። ግዴታውን ያፈረሰ ምልክቱን ይነጠቃል። ይህ ብዙ ካፒታል አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ያለማወላወል መቆጣጠርን ነው፤ ከባዱም እሱ ነው።

«የእግዜር እንግዳ» የተባለው ሰው ይታመን የነበረው አገሩንና ወገኑን ተናግሮ ነበር። ዛሬ ሚሊዮኖች በሚኖሩባት ከተማ እንግዳውን ሁሉም ሰው ሊያውቀው አይችልም። ስለዚህ የጥንቱን ደግነት የሚተካ ነገር ካስፈለገ፣ ማንነቱን ሳይጠይቅ ለማንም እኩል የሚከፈት፣ ዋጋው የታወቀ በር ነው።