የገና ማግስት የተወለዱ ሦስት ዘፋኞች

በመሥሪያ ቤታችን አንድ ወዳጅ አለን። ሥራው መዝገብ መያዝና ደብዳቤ ማመሳከር ነው፤ ልቡ ያለው ግን ዘፈን ላይ ነው። በሻይ ሰዓት ብርጭቆውን በማንኪያ እየመታ ሲያንጎራጉር የሰማው ሁሉ «ይኸ ልጅ እዚህ ምን ያደርጋል?» ሳይል አያልፍም። ይኸው ወዳጃችን ባለፈው ሰሞን ፊቱ በርቶ ወደ ጠረጴዛችን መጣና «ልለቅ ነው» አለን። ምን እንደሚለቅ ብንጠይቀው «ሥራውን ነዋ! ቀኔን አገኘሁት» ሲል መለሰልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወዳጃችን መታወቂያ መስከረም 1 ቀን እንደ ተወለደ ይናገራል። ይኸንን ቀን የሰጡት ግን እናቱ ሳይሆኑ ቅጹን የሞላው ጸሐፊ ነው። የተወለደበትን ዕለት የማያውቅ ሰው በመጣ ቁጥር ጸሐፊው ዐዲስ ዓመትን ያድለዋል። በእኛ ክፍል ብቻ በወረቀት ላይ መስከረም 1 ቀን የተወለድን አራት ሰዎች እንገኛለን፤ ከአራታችን ግን በዕለቱ ለመወለዱ የሚምል አንድም የለም። ወዳጃችን እናቱን ቢጠይቃቸው «የገና ማግስት ነው የወለድሁህ፤ የበዓሉ ወጥ እንኳ ገና ከድስቱ አላለቀም ነበር» አሉት። የገና ማግስት በአውሮፓውያን ዘንድ ጃንዋሪ 8 መሆኑን ከተረዳ በኋላ በዚያ ቀን እነማን እንደ ተወለዱ ከስልኩ ላይ ሲያነብ ኤልቪስ ፕሪስሊን፥ ሸርሊ ባሲንና ዴቪድ ቦዊን አገኘ። «ከእነዚህ ጋር በአንድ ቀን የፈጠረኝ አምላክ መዝገብ ቤት ሊያስቀረኝ አይደለም» አለን።

በዚያን ሰዓት የሚመለስ ነገር አላገኘንለትም። አንድ ሰው ደመወዙን ሊተው ሲነሣ በቀልድ መሸኘት አይገባም፤ «ተው» ብሎ መከልከልም ያለ ምክንያት አይሆንም። ስለዚህ የእነዚህን የሦስት ሰዎች ታሪክ አገላብጠን ካየነው በኋላ መልሳችንን በዚህ ገጽ ላይ ለማቅረብ ወሰንን። ምናልባት እንደ ወዳጃችን የሚያስብ ሌላም አንባቢ ይኖር ይሆናል።

በመጀመሪያ የቀኑን ነገር እናጥራ። ኤልቪስ የተወለደው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 8 ቀን 1935፥ ሸርሊ ባሲ ጃንዋሪ 8 ቀን 1937፥ ዴቪድ ቦዊ ጃንዋሪ 8 ቀን 1947 ነው። ወደ እኛ ሲመለስ ታኅሣሥ 30 ቀን 1927፥ ታኅሣሥ 30 ቀን 1929 እና ታኅሣሥ 30 ቀን 1939 ዓ.ም. ይሆናል። ነገር ግን ጃንዋሪ 8 ሁልጊዜ ታኅሣሥ 30 ላይ ይውላል ማለት አይደለም። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚገባው በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ቀን ስለሚከበር ማግስቱ 29 ይሆናል። እንግዲህ «የገና ማግስት» ያሉት የወዳጃችን እናት ከጸሐፊውም ከቀን ቁጥሩም ይልቅ የታመኑ ምስክር ናቸው ማለት ነው።

ቀኑ አንድ ይሁን እንጂ ዓመቶቹ የተለያዩ ነበሩ። በአገራችን በኩል ብናየው፥ የመጀመሪያው ሲወለድ የወልወል ግጭት ከተነሣ ገና አንድ ወር ያህሉ ነበር፤ ሁለተኛዋ ስትወለድ ኢትዮጵያ በጠላት ወረራ ሥር ነበረች፤ ሦስተኛው ሲወለድ ነፃነታችን ከተመለሰ ስድስተኛው ዓመት ተይዞ ነበር። አንድ ቀን በየዓመቱ ቢመለስም የሚያገኘው ዓለም ያው አይደለም።

ኤልቪስ የተወለደው በአሜሪካ በሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት፥ ቱፔሎ በምትባል ከተማ፥ ሁለት ክፍል ብቻ ባላት የእንጨት ቤት ውስጥ ነው። ወላጆቹ ድኾች ነበሩ። ዐሥራ አንደኛ ዓመቱን በያዘበት ቀን ልጁ የተመኘው ብስክሌት ነበር ይባላል፤ የተገዛለት ግን ጊታር ሆነ። ቤተ ሰቡ በ1948 ወደ ሜምፊስ ከተማ ተዛወረ። ትምህርቱን በ1953 ከጨረሰ በኋላ የጭነት መኪና ሾፌር ሆነ። በዚያው ዓመት ወደ አንዲት ትንሽ የሸክላ መቅረጫ ቤት ገብቶ 4 ዶላር ያህል ከኪሱ ከፍሎ ድምፁን አስቀረጸ። ወዲያው የጠራው ሰው አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት በሐምሌ ወር የቤቱ ባለቤት ሳም ፊሊፕስ ከሁለት ሙዚቀኞች ጋር አገናኝቶ ሲሞክረው፥ ብዙ ሰዓት ያለ ውጤት ከደከሙ በኋላ በዕረፍት ላይ ሳሉ በጨዋታ የጀመሩት ዘፈን የመጀመሪያ ሸክላው ሆነ። ያም ዘፈን አርተር ክሩዳፕ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ የደረሰው ነበር። ኤልቪስን ዓለም ያወቀው ጥቁሮች በሠሩት ዜማ መሆኑን መርሳት አይገባም።

በ1956 በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሲቀርብ 60 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመለከተው። በ1958 ወደ ጦር ሠራዊት ገባ፤ በዚያው ዓመት ከሁሉ አብልጦ የሚወዳት እናቱ ሞተችበት። በኦገስት 16 ቀን 1977፥ ማለትም ነሐሴ 10 ቀን 1969 ዓ.ም. በሜምፊስ ቤቱ ሲሞት ዕድሜው 42 ብቻ ነበር። ወዳጃችን የልደቱን ቀን ሲጋራ ይኸንን ፍጻሜ ያሰበው አይመስለንም።

ሸርሊ ባሲ የተወለደችው በዌልስ በካርዲፍ ከተማ፥ የወደቡ ሠራተኞች በሚኖሩበት በታይገር ቤይ ሠፈር ነው። አባቷ ናይጄሪያዊ መርከበኛ፥ እናቷ እንግሊዛዊት ነበሩ። ገና ሕፃን ሳለች አባቷ ከቤቱ ስለ ጠፋ እናቲቱ ልጆቻቸውን ብቻቸውን አሳደጉ። በትምህርት ቤት መዘምራን መካከል ድምፅዋ ከሌሎቹ እየበለጠ ስላስቸገረ መምህሯ «ወደ ኋላ በይ፥ ወደ ኋላ በይ» እያሏት በመጨረሻ ከክፍሉ ውጭ መተላለፊያው ላይ ቆማ እንደ ዘመረች ራሷ ተርካለች። በዐሥራ አራት ዓመቷ ትምህርቷን ትታ በብረት ፋብሪካ ዕቃ አሻጊ ሆነች፤ ማታ ማታና በዕረፍት ቀን በየመጠጥ ቤቱ ትዘፍን ነበር።

በ1959 በብሪታንያ የሸክላ ገበያ የአንደኝነትን ቦታ ስትይዝ ከዌልስ ተወላጆች መካከል የመጀመሪያዋ ሆነች። በ1964 ለጄምስ ቦንድ ፊልም የዘፈነችው «ጎልድፊንገር» በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ በ1971 እና በ1979 ደግሞ ለሌሎች ሁለት የቦንድ ፊልሞች ዘፈነች። ሦስት የቦንድ ፊልሞችን መክፈቻ የዘፈነ ሌላ ሰው የለም። በ2000 ዴም የሚባለውን የክብር ማዕረግ ተቀበለች። በ2007 በሰባ ዓመቷ በግላስተንበሪ የሙዚቃ በዓል ላይ ጭቃ ከረገጡት ወጣቶች ፊት ቆማ ዘፈነች። ኤልቪስ ከሞተ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ተቃርቦ ነበር። ቀኑ አንድ ሆኖ ሳለ ለአንዱ ያሳጠረውን ዕድሜ ለሌላዋ ያስረዘመው ምን ይሆን?

ሦስተኛው ዴቪድ ቦዊ በለንደን ከተማ በብሪክስተን ሠፈር ሲወለድ የወጣለት ስም ዴቪድ ሮበርት ጆንስ ነበር። የእርሱ ታሪክ ለወዳጃችን ከሁሉ የቀረበ ነው፤ ምክንያቱም ቦዊም የልደቱ ቀን ከኤልቪስ ጋር አንድ መሆኑን ያውቅ ነበር። ኤልቪስ ትልቅ ጀግናው እንደ ነበረ፥ በአንድ ቀን መወለዳቸውም አንድ ትርጉም አለው ብሎ ለማመን ሞኝ እንደ ነበረ፥ ከብዙ ዓመት በኋላ ራሱ እየቀለደ ተናግሯል።

እምነቱ ሞኝነት ይሁን እንጂ ሥራው ሞኝነት አልነበረበትም። የመጀመሪያ ሸክላውን በ1964 ሲያወጣ ገዢ አላገኘም። ሌላ ዴቪ ጆንስ የሚባል ዘፋኝ ስለ ነበረ በ1966 ቦዊ በሚል ስም ሌላ ሸክላ አወጣ፤ እርሱም አልሆነለትም። በ1967 የወጣው ትልቁ ሸክላም ሳይሸጥ ቀረ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በሐምሌ 1969፥ የሰው ልጅ ጨረቃን ሊረግጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ በጠፈር ስለ ጠፋ ተጓዥ የዘፈነው ዘፈን ከፍ ያለ ስም አተረፈለት። ከመጀመሪያው ሸክላ እስከዚያ ድረስ አምስት ዓመት አልፏል። ልደቱ በየዓመቱ ሲመጣ በእነዚያ አምስት ዓመቶች ያመጣለት የለም።

የመጨረሻ ሥራውን ያወጣው በስድሳ ዘጠነኛ የልደት ቀኑ፥ ጃንዋሪ 8 ቀን 2016 ነው። ስሙ «ጥቁር ኮከብ» ማለት ነው። ኤልቪስም በ1960 ለአንድ ፊልም በዚሁ ስም የተጠራ ዘፈን ቀርጾ ነበር። ቦዊ በካንሰር ታሞ ሕመሙን ከሕዝብ ሸሽጎ ሲሠራ ቆይቶ ኖሯል፤ ሸክላው በወጣ በሁለተኛው ቀን ዐረፈ። ያም ዓመት በእኛ ዘንድ ዘመነ ዮሐንስ ስለ ነበረ፥ የመጨረሻ ልደቱ የዋለው ታኅሣሥ 30 ሳይሆን ታኅሣሥ 29 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ የሞተውም ጥር 1 ቀን።

እንግዲህ ሦስት እንዲህ ያሉ ዘፋኞች በአንድ ቀን መወለዳቸው እንዴት ይታያል? የሒሳብ ተማሪዎች የታወቀ መልስ አላቸው። በአንድ ክፍል ውስጥ 23 ሰዎች ቢሰበሰቡ፥ ቢያንስ ሁለቱ በአንድ ቀን የተወለዱ ሆነው የመገኘታቸው ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። ዓመቱ 365 ቀን ሆኖ ሳለ 23 ሰው እንዴት ይበቃል እንዳይሉን፤ ሃያ ሦስት ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ቢጣመሩ 253 ጥንድ ይወጣቸዋል፤ የሚቆጠረውም ጥንዱ ነው። ሦስት ሰዎች በአንድ ቀን ተወልደው ለመገኘት ደግሞ 88 ሰዎች ቢሰበሰቡ ዕድሉ ከግማሽ ያልፋል። በዓለም ላይ ስማቸው የታወቀ ዘፋኞች ከ88 እጅግ ስለሚበዙ፥ በማናቸውም ቀን ሁለትም ሦስትም ቢገኙ የሚያስደንቅ አይደለም። አሪታ ፍራንክሊንና ኤልተን ጆንም በአምስት ዓመት ልዩነት ማርች 25 ቀን፥ ማለት መጋቢት 16 ቀን ተወልደዋል። የዓለም ሕዝብ ደግሞ ከ8 ቢሊዮን በላይ ስለ ሆነ በየዕለቱ ከ20 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ልደቱን ይይዛል። ከሃያው ሚሊዮን የገና ማግስት ልጆች የምናወራው ስለ ሦስቱ ነው፤ የቀሩት ገበሬዎች፥ ነርሶች፥ ሾፌሮችና መዝገብ ያዦች ናቸው።

በአገራችን ኮከብ የሚቆጥሩ ሰዎችም የሚጠይቁት የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም ነው እንጂ የተወለደበትን ቀን አይደለም። በእነርሱ አቆጣጠር ቢሆንማ ጆንስ ቦዊ በተባለ ጊዜ ኮከቡም ተለውጧል ማለት ነው። ነገር ግን ለክርክራችን ከሁሉ የጠነከረውን ምስክር እስካሁን አቆይተነዋል። በዚያች በቱፔሎ ቤት የተወለደው ኤልቪስ ብቻ አልነበረም። ከእርሱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ መንትያ ወንድሙ ጄሲ ጋሮን ተወልዶ ነበር፤ የተወለደው ግን ሞቶ ነው። እናት አንድ፥ ቤት አንድ፥ ቀን አንድ፥ ሌሊት አንድ፤ ዕጣቸው ግን ለየቅል ሆነ። የዔሳውንና የያዕቆብን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይኸ አዲስ አይሆንበትም።

ከዚህ በተቃራኒ የእኛውን ዓለማየሁ እሸቴን እንመልከት። በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ አድጎ፥ በአዘፋፈኑም በአለባበሱም «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» እየተባለ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ተጠርቷል። የተወለደው ግን በሰኔ ነው። ስሙን ያገኘው ከመድረኩ እንጂ ከልደቱ አልነበረም።

ይኸን ሁሉ ባለፈው ሳምንት ለወዳጃችን አንብበንለት ነበር። ዝም ብሎ ከሰማን በኋላ «እንግዲያው ልተወው ነው የምትሉኝ?» አለን፤ ድምፁም ከፋን። እንዲህ አላልነውም። ሸርሊ ባሲ ፋብሪካ እየዋለች ማታ ዘፈነች፤ ኤልቪስ ከኪሱ ከፍሎ የአራት ዶላሩን ሸክላ አስቀረጸ፤ ቦዊ አምስት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይገዛው ሠራ። ከቀኑ ጋር እኩል ሊጋራቸው የሚገባው ይኸንን ነው። የልደት ቀን በነጻ ይገኛል፤ ማታው ግን ዋጋ አለው።

ወዳጃችን ሥራውን አልለቀቀም። ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ በኋላ ወደ አንድ የሙዚቃ መምህር ዘንድ መሄድ ጀምሯል፤ ጠዋት ሲመጣ ድምፁ ሻክሮ ነው የሚያድረው። በመጪው የገና ማግስት በክፍላችን ፊት እንደሚዘፍንልን ቃል ገብቷል። እናቱም ይጠራሉ። ስንወለድ ቀኑን የሚያውቁልን እነርሱ ናቸውና፥ በቀኑ ምን እንዳደረግንበትም ቀድመው ሊሰሙ ይገባቸዋል።