ዜኒቱን ከመፍታትዎ በፊት

ከቁም ሳጥን በላይ ወይም ከአሮጌ ሻንጣ ሥር፣ በቆዳ ማኅደር የተቀመጠ ካሜራ ያለባቸው ቤቶች አሉ። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ተምሮ የተመለሰ አባት ወይም አጎት ነው፤ ካሜራውም «ዜኒት» ነው። ሞስኮ አጠገብ ባለችው ክራስኖጎርስክ የተጀመረው «ዜኒት ኢ» እ.ኤ.አ. ከ1965 አንሥቶ ከ3 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል።

ይህ ዕቃ ዛሬ እንደገና ገበያ አግኝቷል። ምክንያቱ ከኢኮኖሚክስ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ አያልፍም። አቅርቦቱ ጠቧል፤ ካኖን የመጨረሻውን የፊልም ካሜራውን ሽያጭ ማቆሙን እ.ኤ.አ. በ2018 አስታውቋል፣ ኒኮንም በ2020 «ኤፍ 6»ን አቁሟል። ፍላጎቱ ግን በስልክ ካሜራ ካደጉ ወጣቶች ዘንድ ተነሥቷል። ፔንታክስ በ2024 አዲስ የፊልም ካሜራ ይዞ ሲመጣ በአሜሪካ የጠየቀው 500 ዶላር ገደማ ነው። ይህን መክፈል ለማይችል ሰው የቀረው መንገድ አሮጌውን ማዳን ነው። ፋብሪካው መለዋወጫ ስለማይሠራ መለዋወጫው ሌላ የሞተ ካሜራ ነው፤ የማይሠራ ካሜራም ገዢ የሚያገኘው ለዚሁ ነው።

ኪሳራው ፊልሙ ላይ ነው

ብዙ ሰው ሒሳቡን የሚጀምረው ከካሜራው ዋጋ ነው። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። የታመመ ካሜራ የሚበላው ፊልም ነው። ብርሃን የሚያስገባ ካሜራ 36ቱንም ፎቶ ከማጠቢያው ዋጋ ጋር ያቃጥላል። ፊልም ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ ያለ ፊልም የሚደረግ ምርመራ ሁሉ ትርፍ ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። የኋላ ክዳኑን ከፍተው ካሜራውን ወደ ብሩህ ግድግዳ ያዙሩና በየፍጥነቱ ይተኩሱ። በዜኒቱ ከፍተኛ ፍጥነት፣ ማለትም በሰኮንድ 1/500ኛ፣ ከመስኮቱ አንዱ ጎን ጨለማ ሆኖ ከታየ የጨርቁ መጋረጃዎች እኩል እየሮጡ አይደለም። በዝግተኛው ፍጥነት ደህና ከሆነ ግን ካሜራው እስከዚያው ሊያገለግል ይችላል። የዜኒት ኢ ብርሃን መለኪያ በሴሌኒየም የሚሠራ ስለሆነ ባትሪ አይፈልግም፤ በእርጅና ከሞተም ፎቶ ማንሳቱን አይከለክልም።

እንደ ካኖን «ኤኢ 1» ያሉ የ1970ዎቹ የጃፓን ካሜራዎች በሽታቸው ሌላ ነው። በክዳኑ ዙሪያ ያለው ጥቁር ስፖንጅ ከዓመታት በኋላ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል፣ ብርሃንም ያስገባል። ይህን ማንም ሰው ቤቱ ሊሠራው ይችላል፤ አሮጌውን በአልኮልና በክብሪት እንጨት ጠርጎ፣ ስስ ጥቁር ስፖንጅ ቆርጦ መለጠፍ ነው። ባትሪ ፈስሶ ያዛገው ቦታ በኮምጣጤ በራሰ ጥጥ ይጸዳል። አልኮሉ ግን ከመስታወቱ በላይ ያለውን የፕላስቲክ ገጽ መንካት የለበትም። መስታወቱም የተለበጠው ከፊት ለፊቱ ስለሆነ ሲፈትጉት ይቧጨራል።

ከዚህ በላይ የመጋረጃውን ውጥረትና የጥርሶቹን አሰካክ መነካካት መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ሰው ኪሳራ ነው። ፍላሽ አብሮት የተሠራ ካሜራማ ባትሪው ከወጣም በኋላ 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ጨርሶ አይፈታ።

ያልተጻፈው ወጪ

ይህ ጸሐፊ የሟች አባቱን ዜኒት ለመጠገን ሲነሣ ካቻቪቴውን፣ ጥጡንና አልኮሉን አዘጋጅቶ፣ ወጪውንም በወረቀት ጽፎ ነበር። ክዳኑን ሲከፍት ውስጡ ፊልም ነበር። ምን እንደሆነ እስኪገባው በመስኮት ብርሃን አገላብጦ አየው፤ ጥቅልሉንም ጎትቶ ዘረጋው። አባቱ በመጨረሻ ያነሣቸው ፎቶዎች እዚያው ላይ ቀሩ። ማንን አንሥቶ እንደነበር ዛሬም እናቴ ትጠይቀኛለች።

ወዲያው ብዘጋው ኖሮ የጥቅልሉ የውስጠኛው ክፍል ሊተርፍ ይችል ነበር። ከመክፈቴ በፊት ደግሞ ፊልም መጠቅለያውን ቁልፍ ቀስ ብዬ ባዞረው በቂ ነበር፤ በነፃ ከዞረ ባዶ ነው፣ ከጎተተ ፊልም አለበት። ይህ ምርመራ ሳንቲም አያስወጣም፣ የሚፈጀውም 5 ሰኮንድ ነው።

ካሜራው አሁን ይሠራል። ዋጋ አቅርበው የጠየቁኝ ነበሩ፤ አልሸጥኩትም። እርስዎም የቤትዎን ካሜራ ከማኅደሩ ሲያወጡ፣ ከገበያው ዋጋ አስቀድመው ያንን ቁልፍ ያዙሩ።