ብርድ የሚሻው የእሳት ራት

በማሳቹሴትስ ዛፍ መከርከም ሥራዬ ነውና፣ ቅጠሉ ሁሉ ረግፎ ቅርንጫፉ ዕርቃኑን በሚቀርበት በጥርና በየካቲት፣ የሜፕልና የቼሪ ቀንበጥ ላይ በቁመቱ ተጣብቆ፣ ከሩቅ ለሚያየው የደረቀ ቅጠል የሚመስል ቡናማ የሐር ከረጢት አልፎ አልፎ ይገጥመኛል፤ ይህም ከሰሜን አሜሪካ የእሳት ራቶች ሁሉ በግዝፈቱ የሚልቀው፣ ክንፉ ሲዘረጋ 15 ሴንቲ ሜትር የሚያህለው ሴክሮፒያ የሚከርምበት ማኅደር ነው። ግንደ ቆርቁር በስቶ የጣለውን አንዱን በቢላዋ ብሰነጥቀው፣ ውጭው እንደ ብራና የጠነከረ፣ መካከሉ የላላ ሐር የሞላበት፣ ውስጡ ደግሞ ሌላ ግድግዳ ያለው ሲሆን፣ በአንድ ጫፉ የራቱ መውጫ ላላ ብሎ ተፈትሎ ቀርቷል።

የግቢው ባለቤቶች፣ ይልቁንም ልጆች ያሏቸው፣ «ብርዱ ሳይገድለው ወደ ቤት እናግባው» ይሉኛል። ርኅራኄያቸው የሚመሰገን ቢሆንም፣ ብርዱ ለዚህ ፍጥረት ጠላቱ ሳይሆን ቀስቃሹ ነው፤ የሐርቫርዱ ካሮል ዊልያምስ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው፣ አንጎሉ ለሳምንታት ካልቀዘቀዘ በቀር ሰውነቱን ወደ ራትነት የሚለውጠውን ትእዛዝ አይሰጥም፤ የቀዘቀዘ አንጎል ወስዶ ብርድ ባላየው አካል ውስጥ ቢተክልበት ግን ያ አካል ከእንቅልፉ ተነሥቶ መለወጥ ጀመረ። በረዶው እንዳያፈርሰውም ፍጥረቱ በደሙ ውስጥ ግሊሰሪን ያከማቻል። ሞቃት ቤት የገባው ግን ወይ ሳይነቃ ይቀራል፣ ወይም ብርዱን አስቀድሞ ከጠገበ፣ አቻ በሌለበት በረዶ መካከል ይወጣል።

በግንቦትና በሰኔ የወጣው ራት የሚበላበት አፍ የለውምና ከሁለት ሳምንት የማያልፈውን ዕድሜውን በጾም ይፈጽማል፤ ሴቲቱ በሌሊት ሽታዋን ስትለቅ ወንዱ ላባ በሚመስል አንቴናው ከኪሎ ሜትር በላይ ርቀት አሽትቶ ይመጣል። ከእንቁላሉ ጥቁር ሆኖ የሚፈለፈለው አባጨጓሬ ቆዳውን እየገፈፈ ቢጫ፣ በኋላም ቀይና ሰማያዊ እብጠት የተሰካበት አረንጓዴ ሆኖ፣ በበጋው ማብቂያ ሐሩን ይፈትላል።

ብርድ ያልጎዳውን የጎዳው የሰው ብልኀት ነው፤ ሌላ የዛፍ ተባይ ያጠፋልን ብለው በ1906 (እ.ኤ.አ.) ከአውሮፓ ያስገቡት ዝንብ፣ ወዳጅ ከጠላት ሳይለይ፣ የዚህንም አባጨጓሬ በውስጡ እየተራባ ይፈጀዋል። ስለዚህ መቈረጥ የሚገባው ቅርንጫፍ ከረጢት ሲኖርበት፣ ቀንበጡን ለይቼ እዚያው ዛፍ ላይ፣ ፀሐይ በማይበረታበት በኩል በገመድ አስረዋለሁ። «ዛፋችንን አይበላብንም ወይ?» ለሚሉኝም፣ እነዚህ ጥቂት አባጨጓሬዎች የሚበሉት ቅጠል ለአንድ ትልቅ ሜፕል ከቍጥር እንደማይገባ እነግራቸዋለሁ።